የወተት ላም ማዕድንና ቫይታሚን፦ ምን ያህል፣ መቼ፣ በምን

ብዙ ስሕተት የሚመነጨው ከአንድ ነገር ነው፤ ከሱ እንጀምር። ላም ካልሲየም ቢያጥራት ወተቷ ውስጥ ያለው ካልሲየም አይቀንስም። ከአጥንቷ እየቀነሰች በሊትር 1.2 ግራም ገደማ ማውጣቷን ትቀጥላለች፤ የምትጎዳው እሷው ናት። አዮዲን፣ ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኤ ግን እንዲህ አይደሉም። ከገንዳዋ ሲጎድሉ ከወተቱም ይጎድላሉ፤ ጠጪውም ያጣቸዋል። ስለዚህ አንዳንዱን የምንሰጠው ላሟ እንዳትወድቅ ነው፣ አንዳንዱን ደግሞ ለላሟም ለቤተሰቡም ስንል።

እዚህ ላይ ለምሳሌ የያዝናት ላም 450 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ በቀን 15 ሊትር የምትታለብ ዲቃላ ናት። ቢሾፍቱ ወይም ሰበታ አካባቢ ጋጣ ውስጥ ውላ የምታድር፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የምትበላ። የእርስዎ ላም ከዚህ ብትለይ ቁጥሩ ይለወጣል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

1. መጀመሪያ የምትበላውን ይመዝኑ

በጣሳ መስፈር ይቅር። አንድ ጣሳ ፉርሽካና አንድ ጣሳ ፋጉሎ እኩል አይመዝኑም፤ ፉርሽካውም ሲጠቀጠቅና ሳይጠቀጠቅ ይለያያል። በተንጠልጣይ ሚዛን ለሦስት ቀን ያህል የሰጡትንም፣ ገንዳ ውስጥ የተረፈውንም ይመዝኑና ልዩነቱን ይጻፉ። ላሟ የበላችው እሱን ነው።

በቀን 7 ኪሎ ድርቆሽ፣ 5 ኪሎ ፉርሽካና 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ በላች እንበል። ፉርሽካ ፎስፈረስ ሞልቶት ካልሲየም የሌለው መኖ ነው፤ ከ5 ኪሎው 50 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ሲገኝ ካልሲየሙ ግን 6 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ከድርቆሹ 20 ግራም ያህል፣ ከፋጉሎው ደግሞ ወደ 10 ግራም ካልሲየም ብንጨምር ድምሩ 40 ግራም እንኳ አይሞላም። የሚያስፈልጋት 70 ግራም አካባቢ ነው። ፎስፈረሱ በአንጻሩ ከ40 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ይበቃት የነበረው፣ ወደ 80 ግራም ደርሷል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ቁም ነገር ኪስ ይነካል። ፉርሽካ በብዛት ለምትበላ ላም ዲካልሲየም ፎስፌት (ካልሲየምና ፎስፈረስ አንድ ላይ የያዘ የመኖ ማዕድን) መግዛት ያላትን ፎስፈረስ በውድ ዋጋ መደረብ ነው። የጎደላት ካልሲየም ነው፤ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው። ዲካልሲየም ፎስፌት የሚያስፈልገው ጭድና የደረቀ ግጦሽ ብቻ ለሚበሉ ከብቶች ነው። የጭድ ፎስፈረስ 0.1 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ እነሱ አጥንት ሲያኝኩ፣ ጨርቅና ገመድ ሲልሱ ይታያሉ። ፌስታል የሚበሉትም አንዳንዴ ከዚሁ የተነሳ ነው።

ድርቆሽ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ብዙ ላሞች ካሉዎት ናሙና አስመርምሩ፤ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልና አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ላቦራቶሪ አላቸው። ናሙናው ከአንድ እስር ሳይሆን ከአሥር ያህል እስሮች መሃል እየተመዘዘ የተደባለቀ ይሁን።

2. ድብልቁ

ለ100 ኪሎ፦

ፉርሽካ 69 ኪሎ
የኑግ ፋጉሎ 28 ኪሎ
የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ላይምስቶን) 1.5 ኪሎ
አዮዲን ያለው ጨው 1 ኪሎ
የወተት ላም ፕሪሚክስ (የተቀመመ የማዕድንና የቫይታሚን ዱቄት) 0.5 ኪሎ

ላሟ ከዚህ በቀን 7 ኪሎ ስትበላ 105 ግራም ላይምስቶን ታገኛለች። የላይምስቶን 38 ከመቶው ካልሲየም ስለሆነ 40 ግራም ይሆናል፤ ጉድለቱ ተሞላ ማለት ነው። ጨዉም 70 ግራም ይደርሳል። የፕሪሚክሱን መጠን ከከረጢቱ ላይ ያንብቡ። አንዳንዱ 0.5 ከመቶ፣ አንዳንዱ 1 ከመቶ ይላል፤ 1 ከሆነ ከፉርሽካው ግማሽ ኪሎ ይቀንሱ። የዶሮ ፕሪሚክስ ርካሽ ስለሆነ ብለው እንዳይገዙ፤ ምጥኑ ለዶሮ ነው።

ስለ ኖራው አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ለግድግዳ ቅብና ለግንባታ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ መኖ አይደለም። ውሃ ሲነካው ይግላል፣ አፍና ጉሮሮ ይልጣል። የሚፈለገው ያልተቃጠለ፣ ተፈጭቶ የደቀቀ ድንጋይ ነው። ሲገዙ ትንሽ ዱቄት ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ውሃ ጨምሩበት። ከጋለ መልሱት።

አደባለቁ ከምጥኑ እኩል ዋጋ አለው። ግማሽ ኪሎ ፕሪሚክስ መቶ ኪሎ ክምር ላይ ቢበተንና በአካፋ ሁለት ጊዜ ቢገላበጥ፣ አንዷ ላም የአምስት ቀን ድርሻ ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም። እንዲህ ያድርጉ፦ ፕሪሚክሱን፣ ላይምስቶኑንና ጨዉን መጀመሪያ ከ3 ኪሎ ፉርሽካ ጋር በባልዲ በእጅ ያሹ። ያንን ከ15 ኪሎ ጋር በሸራ ላይ ያዋሕዱ። ከዚያ በኋላ ከቀረው ጋር፣ ክምሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ቢያንስ አራት ጊዜ እያዞሩ ያደባልቁ። በደንብ መደባለቁን ለማየት ከአምስት ቦታ አንዳንድ እፍኝ አንስተው ነጭ ወረቀት ላይ ይዘርጉ፤ ነጭ የድንጋይ ዱቄት አንዱ ላይ በዝቶ ሌላው ላይ ከጠፋ ይድገሙት። ከወር በላይ የሚቆይ አያዘጋጁ፤ ፕሪሚክስ ውስጥ ያሉት ቫይታሚኖች ከማዕድንና ከእርጥበት ጋር ሲከርሙ ይሞታሉ።

በጎች አብረው ካሉ ከዚህ ድብልቅ እንዳይቀምሱ። ፕሪሚክሱ ውስጥ ያለው፣ ለላም ልክ የሆነው መዳብ በግ ጉበት ውስጥ እየተከማቸ ድንገት ይገድላታል።

3. ጨው፣ ቦሌና ሆራ

ቦሌ (ጨዋማ አፈር) ማላስና ከብት ሆራ (ማዕድን ያለው ውሃ) ማውረድ የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱም ምክንያት አለው። የሣርና የጭድ ሶዲየም በጣም ትንሽ ስለሆነ ከብቷ ጨው ስትፈልግ በምላሷ ትናገራለች፤ ግድግዳ፣ ሽንት፣ የሰው ልብስ ትልሳለች። ቦሌና ሆራ ይህን ጥማት ያረካሉ። ፎስፈረስ ግን ከነሱ አይጠበቅም፤ የተቀረው ይዘታቸውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አሞሌም ቢሆን ሶዲየም ይሰጣል፣ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም። ለጋጣ ላም አዮዲን ያለው የገበታ ጨው በመኖ ውስጥ መስጠቱ ይሻላል።

ጨው ያለ ውሃ አይሰጥም። በቀን 15 ሊትር የምትታለብ ላም ከ60 እስከ 80 ሊትር ውሃ ትጠጣለች። በቀን ሁለት ጊዜ በባልዲ የምትጠጣ ከሆነ፣ ጨዉን ከማስተካከልዎ በፊት ውሃዋን ያስተካክሉ።

4. ቫይታሚን ኤ እና የቅቤ ቀለም

የላምዎን የቫይታሚን ኤ ሁኔታ ያለ ላቦራቶሪ የሚያሳይ ነገር ቢኖር ቅቤዋ ነው። ከክረምት በኋላ፣ ለምለም ሣር በተበላበት ወቅት ቅቤው ቢጫ ይሆናል፤ በጋው እየገፋ ድርቆሽና ጭድ ብቻ ሲቀር ይነጣል። ቢጫው ካሮቲን ነው፤ ላሟ ከሱ ቫይታሚን ኤ ትሠራለች፣ የተረፈው ከስቡ ጋር ይወጣል። ካሮቲን በፀሐይና በክምችት ስለሚጠፋ፣ ከርሞ የነጣ ድርቆሽ ከጭድ ብዙም አይሻልም።

ጉበቷ ለሁለት ለሦስት ወር የሚሆን ስንቅ ይይዛል፤ ስለዚህ ችግሩ የሚፈነዳው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። ምልክቶቹ በአመሻሽ መደናቀፍ (ሰው ላይ ዳፍንት የምንለው ነው)፣ መጨንገፍ፣ የእንግዴ ልጅ መቅረት፣ ዓይኑ የማያይ ወይም ደካማ ጥጃ መውለድ ናቸው።

በቀን የሚያስፈልጋት በአንድ ኪሎ ክብደቷ 110 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው፤ ለ450 ኪሎ ላም 50,000 ገደማ። በቀን 5 ኪሎ እርጥብ ለምለም ሣር፣ ደሾም ሆነ የዝሆን ሣር፣ ይህን ይሸፍናል። በአጥር ጥግ በእጣቢ ውሃ የሚበቅል ሣር ከመርፌ ይበልጣል። ያ ከሌለ ፕሪሚክሱ ይሸፍነዋል፤ ሁለቱም ከሌሉ ሐኪም የኤ፣ ዲ እና ኢ መርፌ ይወጋታል። መርፌውን ራስዎ መደጋገም ግን አደጋ አለው፤ ኤ እና ዲ ከሰውነት በቀላሉ አይወጡም፣ ዲ ሲበዛ ልብና የደም ሥር ላይ ካልሲየም ይጋገራል።

5. ከመውለዷ በፊት ሦስት ሳምንት፣ ከወለደች በኋላ ሦስት ቀን

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። 10 ሊትር እንገር ውስጥ 23 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። በአንድ ወቅት በላሟ ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ግን 3 ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ ከአጥንትና ከአንጀት በሰዓታት ውስጥ መምጣት አለበት። ካልመጣ የወተት ትኩሳት ይሆናል። ስሙ ትኩሳት ይበል እንጂ ላሟ ትቀዘቅዛለች፤ ጆሮዋን ሲነኩት ይበርዳል። በብዛት የሚያጠቃው ሦስተኛና ከዚያ በላይ የወለዱትን፣ ብዙ የሚታለቡትን ነው። ጊደር ብዙም አይዛትም።

መከላከያው ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። ልትወልድ ነው ብሎ ካልሲየም ማብዛት ጎጂ ነው። ሳይቸግራት ከገንዳ ያገኘችው እንደሆነ፣ ከአጥንት የሚያወጣው ሥርዓት ይተኛል፤ በወለደች ዕለት ደግሞ እስኪነቃ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ፦

በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ላይምስቶኑን ከድብልቁ ያውጡ። አልፋልፋና ሞላሰስ ይቁሙ። አልፋልፋ ካልሲየሙም ፖታሲየሙም ከፍተኛ ነው፤ ፖታሲየም ደግሞ አጥንት ካልሲየም እንዲለቅ ለሚያዝዘው ሆርሞን እንዳይታዘዝ ያደርጋል። ድርቆሽና ጭድ መሠረት ይሁኑ። ፉርሽካ ወደ 2 ኪሎ ይውረድ፤ በቀን ከ80 ግራም የበዛ ፎስፈረስ ቫይታሚን ዲ ሥራውን እንዳይሠራ ያግዳል። ማግኒዥየም ግን ይጨመር፤ እሱ ከሌለ ካልሲየም የሚያወጣው ሆርሞን አይሠራም። ማግኒዥየም ኦክሳይድ በቀን 40 ግራም ገደማ ከመኖው ጋር ይደባለቅ። መራራ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከ10 ግራም ጀምሮ ከፍ ይበል።

የወለደች ዕለት ላይምስቶን ያለበት ድብልቅ ይመለስ። ለአሮጊትና ለብዙ ታላቢ ላም፣ ቆማ ሳለች፣ በአፍ የሚሰጥ የካልሲየም ቦለስ (ትልቅ የሚዋጥ እንክብል) ወይም ጄል እንደወለደች አንድ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ይሰጣታል። ለዚህ የላይምስቶን ዱቄት በውሃ በጥብጦ ማጠጣት አይረባም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ ፈጣን ቢሆንም ጉሮሮ ያቃጥላል፤ በፋብሪካ ከተዘጋጀው ውጭ አይሞከር። በመጀመሪያው ቀን ለጥጃው የሚበቃ ይታለብ እንጂ ግቷ እስኪሟጠጥ አይታለብ።

ከተያዘች እንዲህ ይታወቃል። መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች፣ የኋላ እግሯ ይንገዳገዳል፣ መብላት ታቆማለች። ቀጥሎ በደረቷ ትተኛለች፤ አንገቷ ታጥፎ ጭንቅላቷ ጎኗ ላይ ያርፋል፣ አፍንጫዋ ይደርቃል፣ ሆዷ ይቆማል። በመጨረሻ በጎኗ ትዘረጋለች፤ ከዚህ በኋላ የቀረው ሰዓታት ነው።

ሐኪም ተጠርቶ እስኪደርስ የባለቤቱ ሥራ አራት ነገር ነው። በጎኗ ከተዘረጋች በድርቆሽ እስር ደግፎ በደረቷ ማስቀመጥ፤ በጎኗ ከቆየች ጋዝ ይነፋታል፣ ያመነዠከችው ወደ ሳንባዋ ይገባል። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማስቀየር፣ የታችኛው እግሯ እንዳይደነዝዝ። ብርድ ልብስ መጣል። ምንም ነገር በአፍ አለማጠጣት። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይጣሳል፦ ዘይት፣ ሻይ፣ ካቲካላ ይገተታል። መዋጥ የማትችል ላም የተጋተችውን ሳንባዋ ይቀበለዋል፤ ከካልሲየም እጥረት ተርፋ በሳንባ ምች ትሞታለች።

ሐኪሙ የሚሰጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ካልሲየም ቦሮግሉኮኔት ነው፤ በደም ሥር፣ ጠርሙሱ እንደ ሰውነቷ ሞቅ ብሎ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ወስዶ፣ ልቧ እየተደመጠ። ፈጥኖ ከገባ ልብ ይቆማል። ሐኪሙን «ቶሎ ጨርስ» አይበሉት። ብዙዎቹ ጠርሙሱ ሳያልቅ ያገሳሉ፣ ፋንድያ ይጥላሉ፣ ይነሣሉ። ከአራቱ አንዷ ያህል ግን በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ መልሳ ትወድቃለች፤ ስለዚህ ለ48 ሰዓት ዓይን አይነሣባት። ሁለተኛ ጠርሙስ ወስዳ ካልተነሣች ጉዳዩ ፎስፈረስ፣ ማግኒዥየም ወይም የእግር ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ሦስተኛ ከመጨመር በፊት ምርመራ ይደረግ።

6. አዮዲን፣ ሴሊኒየም፣ መዳብ

አዮዲን ያነሳት ላም ራሷ ጤነኛ መስላ ጥጃዋ አንገቱ ስር አብጦ፣ ጠጉሩ ሳስቶ ወይም ሞቶ ይወለዳል። የጎመን ዘር ፋጉሎና ጎመን በብዛት ከተሰጣት ችግሩ ይብሳል፤ አዮዲን እንዳይሠራ የሚያግድ ነገር አላቸው። ድብልቁ ውስጥ ያለው ጨው አዮዲን ያለው ከሆነ ከፕሪሚክሱ ጋር ይረዳታል።

ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኢ አብረው ነው የሚሠሩት። ሲያንሱ የእንግዴ ልጅ ይቀራል፣ የጡት በሽታ ይደጋገማል፣ ጥጃው እግሩ ደክሞ መቆም ያቅተዋል። ከመውለዷ ሦስት ሳምንት በፊት የሚወጋ መርፌ አለ፤ መጠኑ የሐኪም ነው፣ በሚፈለገውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነውና። የእንግዴ ልጅ በ12 ሰዓት ውስጥ መውደቅ አለበት። ቢቀር በጉልበት አይጎተት፣ ድንጋይም አይንጠልጠልበት። በባዶ እጅም አይነካ፤ መቅረቱ ከማዕድን ሳይሆን ከብሩሴሎሲስ (ከሚያስጨነግፍ ተላላፊ በሽታ) የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል።

የመዳብ እጥረት በስምጥ ሸለቆ ግጦሽ ላይ በሚውሉ ከብቶች በተደጋጋሚ ታይቷል። ዓይን ዙሪያ ያለው ጠጉር ይነጣል፤ መነጽር ያደረገች ትመስላለች። ጥቁሩ ጠጉር ወደ ቡናማ ይሄዳል። አፈሩ ላይ መዳብ ሊኖር ይችላል፤ ሞሊብዲነምና ድኝ ሆዷ ውስጥ ስለሚይዙት ግን አይደርሳትም።

7. ደም ሲመረመር

ምልክት ያላትን አንዷን ብቻ ሳይሆን፣ በተመሳሳይ የእርባታ ደረጃ ያሉ ብዙ ላሞችን ያስመርምሩ፤ የመንጋውን መኖ የሚያሳየው የጋራ ውጤታቸው ነው። ደሙ በቀይ ክዳን ቱቦ ይወሰድ። ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ወይን ጠጅ ክዳን ካልሲየሙን አስሮ ውጤቱን ያበላሸዋል። ለወደቀች ላም፣ ካልሲየም ከመሰጠቱ በፊት ይቀዳ፤ በኋላ የተቀዳ ደም የሚያሳየው የጠርሙሱን ካልሲየም ነው።

የላም ደም ካልሲየም በዴሲ ሊትር ከ8.5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው፤ የሰውም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ላም ከ5.5 በታች ስትወርድ ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። በ5.5 እና በ8 መካከል ያለችው ቆማ ትሄዳለች፣ ግን ትንሽ ትበላለች፣ ማሕፀኗ ቶሎ አይመለስም፤ ያልታየው ኪሳራ እዚህ ነው። ማግኒዥየም ከ1.8 በታች መውረድ የለበትም። የመዳብ ውጤት ግን በደም «ደህና ነው» ቢባልም አያዝናና፤ ጉበት እስኪራቆት ድረስ ደም ደህና ይመስላል።

8. ወተቱ ለጠጪው

አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ ለአዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው 1,000 ሚሊ ግራም ሢሶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቫይታሚን ቢ12ን ላሟ ራሷ አትሠራውም፤ ሆዷ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ኮባልት ከተባለው ማዕድን ይሠሩላታል። ግማሽ ሊትር ወተት ለአዋቂ ከሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም አብዛኛውን ይሸፍናል። የፍስክ ምግብ ለረጅም ጊዜ የሚተዉ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ይህን ለጤና ባለሙያ ይንገሩ፤ ከአትክልት አይተካም።

ወተት የሌለው ነገር ደግሞ ብረት ነው፤ በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳ የለውም። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ጠዋት ማታ ወተት ጠጥቶ ምግብ የሚጠላ ወፍራም ልጅ የደም ማነስ ያለበት ለዚህ ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ወተት ከምስር፣ ከሥጋና ከእንቁላል ጋር እንጂ በነሱ ፈንታ አይሰጥ። ቫይታሚን ዲም በወተት ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሕፃኑን ሸፍኖ ቤት ማዋል አጥንቱን ያለሰልሳል።

ፎስፈረስ፣ ዚንክና ብረትን በእህል ውስጥ አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ለላም ችግር አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ይፈቱታል። ለሰው ይህን ሥራ የሚሠራው እርሾ ነው። በቅጡ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛ ቂጣ ይበልጥ ማዕድኑን የሚለቀው ለዚህ ነው።

ወተት ማፍላት ካልሲየሙንም ቫይታሚን ኤውንም አያጠፋም፤ ጥቂት የቢ ቫይታሚኖችን ይቀንሳል እንጂ። ያን ፈርቶ ጥሬ መጠጣት ለብሩሴሎሲስና ለሳንባ ነቀርሳ በር መክፈት ነው። ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ተወስኗል፤ ነገር ግን ክፍት ዕቃ ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጨው አዮዲኑን ያጣል። በክዳን ይያዝ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር።

በስምጥ ሸለቆ ያሉ አርቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይመርምሩ፤ የጉድጓድ ውሃቸውን ፍሎራይድ። የልጆች ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብ ካለው ከብቱም የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው፤ የሚያነክስ ከብት፣ ያለ ዕድሜው የተበላ ጥርስ ካዩ ካልሲየም ከመጨመር በፊት ውሃውን ያስመርምሩ።